ዜሮ የጻፈችው ሲስተር ሙሉሽ

ይህ ታሪክ ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት ነው። ውሸት ካለበት በቅዳሜ ገበያ መሃል ምላሴ ይተሳሰር፣ ኔሪ ወንዝም ከነጫማዬ ይውሰደኝ። የማይመስል ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ኮምፒውተር የሌለ መድኃኒት አለ ብሎ መሰከረ፣ ሰውም መደርደሪያውን ትቶ ኮምፒውተሩን አመነ ስላችሁ "ሂድ እባክህ!" ትሉኛላችሁ። እኔም ብሆን እላለሁ። ግን ሆኗል። የሆነውም ጂንካ ውስጥ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል ነው፤ ዝናቡ መሃል ከተማ ያለውን የድሮ የአውሮፕላን ሜዳ ሐይቅ አድርጎት፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች በረኛ የሚሆን ዋናተኛ እየመረጡ በነበረበት ሰሞን።

ሃይሚ የጂንካ ልጅ ናት። አያቷ በድሮ ጊዜ ከመንዝ ለአስተዳደር ጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ አባቷ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እሷ አርባ ምንጭ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ፣ ለጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠራት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። እዚያ ሁሉም "አይቲዋ" ነው የሚሏት። ሌላ አይቲ ስላልነበረ ፕሪንተሩን የምታባብለውም፣ ዋይፋዩን ከመብራቱ ጋር የምታስታርቀውም እሷው ነበረች።

ስሟ የተነሣው ግን በፕሮግራሟ ነው። ሃያ ሁለት ጤና ጣቢያዎች በየወሩ በስልክ ሪፖርት ይልካሉ፤ የትኛው መድኃኒት ስንት ቀረ፣ መቼ ጊዜው ያልፍበታል፣ ማን ተረከበው። ፕሮግራሙ ሪፖርቱን ያይና ከአምስት በታች የቀረበትን ጣቢያ በቀይ ያበራል። ቀይ ሲበራ መኪና ይወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አቶ ደገፋ በሯን ሳያንኳኩ ገቡ። አቶ ደገፋ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በቢሮ የሠሩ፣ ወረቀት ሲያነቡ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀስ፣ ሕግ የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ ከሃና ከተማ ማዶ ያለችውን የዚያችን ጣቢያ የአራት ወር ሪፖርት አትሚልኝ። የከባድ ወባ መርፌውን ብቻ።"

"ለአርቡ ኮሚቴ ነው?"

"ለእሱ ነው። ከተረጋገጠባት በዚያው ቀን ፋይሉ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።"

ሃይሚ ጉዳዩን እንደ ማንም ሰው ሰምታዋለች። የጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሙሉሽ ሃያ አራት ብልቃጥ የወባ መርፌ ሸጣ በልታለች ነው የተባለው። ጸሎት የምትባል የሁለት ልጆች እናት ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶባት ጣቢያው ድረስ በቃሬዛ መጣች፤ መርፌ የለም ተባለ። ወደ ጂንካ የሚያመጣት መኪና ሁለት ቀን ተጠበቀ። መኪናው ሲመጣ እሷ አልነበረችም።

ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ወጣ። የካቲት ሃያ አራት። መጋቢት ሃያ አራት። ሚያዝያ ሃያ አራት። ግንቦት ሃያ አራት።

አቶ ደገፋ በከንፈራቸው አነበቡት። "አየሽ? እዚህ ሃያ አራት፣ መደርደሪያዋ ላይ ምንም። ሰው ይዋሻል። ኮምፒውተር ግን አይዋሽም።"

ማኅተሙን ጣል አድርገውበት ወጡ። ሃይሚ ግን የወረቀቱ ነገር ከዓይኗ አልጠፋ አላት። በመጋቢት ዝናብ፣ በዚያ ቆላ፣ ወባ ሰዉን እንደ እህል በሚያጭድበት ወቅት፣ አንድ ጣቢያ በአራት ወር አንዲት ብልቃጥ እንኳ አልተጠቀመም?

ሲስተር ሙሉሽ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ተቀምጣ ነበር። የአሪ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ አርባ አምስት ይሆናል። የሃና መንገድ ጭቃ ጫማዋ ላይ ደርቆ ሌላ ጫማ ሆኗል። ለኮሚቴው የተጠራችው ለአርብ ነው፤ መኪና በየቀኑ ስለማይገኝ ማክሰኞ መጥታ ትጠብቃለች።

"አንቺ ነሽ አይቲዋ?" አለቻት።

"አዎ፣ ሲስተር።"

"ያቺ ማሽን ያንቺ ናት?"

"የመሥሪያ ቤቱ ናት።"

"እሱንማ አውቃለሁ። የሠራት ማነው ነው የምልሽ።"

"እኔ ነኝ።"

ሲስተር ሙሉሽ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ልጅ ነሽኮ! እኔ አንድ ትልቅ ሽማግሌ የሠራት መስሎኝ ነበር፣ ጆሮው የደከመ። እንግዲያው ጠይቂልኝ። ሦስት ወር ሙሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብዬ ላክሁባት። ለምን እንደማትሰማኝ ጠይቂልኝ።"

"ዜሮ ነው የላኩት? ሳጥኑን ባዶ ትተውት እንዳይሆን፣ ሲስተር። ባዶ ከተተወ እኮ ማሽኗ..."

"ባዶ ሌላ፣ ዜሮ ሌላ፣ ልጄ። ባዶ ማለት መደርደሪያውን አላየሁም ማለት ነው። ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው። እኔ አይቻለሁ። በየቀኑ አይቻለሁ።"

ስልኳን ከጡት መያዣዋ አወጣች። መስተዋቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ሥር ግን ይነበባል። መጋቢት፣ ዜሮ፣ ተልኳል። ሚያዝያ፣ ዜሮ፣ ተልኳል። ግንቦት፣ ዜሮ፣ ተልኳል። የየካቲቱ ሃያ አራት በመጋቢት በአንድ ወር ነው ያለቀው፤ ማን ማን እንደተወጋም መዝገቧ ላይ አለ። ግን መዝገቡ በእሷ እጅ የተጻፈ ስለሆነ ቢሮው አላመነበትም።

ሃይሚ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ምሳ እስኪወጣ ጠብቃ ፕሮግራሟን ከፈተች።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም፣ እኔ ስምንተኛን ሁለቴ የወደቅሁት እንኳ ገብቶኛል። ሪፖርት ሲመጣ ሁልጊዜ የጎደለ ነገር አለው። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ሰው ይረሳል፣ አንዳንዱ ሳጥን ሳይሞላ ይመጣል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ታዲያ እያንዳንዱን ሳጥን "ባዶ ነህ ወይ?" እያለ መፈተሽ አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ባዶውን ሊያነብ ሲል ይደነብርና ቀጥ ይላል። ሃይሚ መጀመሪያ ፈተሻውን ለእያንዳንዱ ለየብቻው ጻፈችው፤ ለስሙ ለብቻ፣ ለቀኑ ለብቻ፣ ለቁጥሩ ለብቻ። አርባ መስመር ሆነ። አርባውም አንድ ዓይነት መሰላት፤ አስጠላት። አንድ ቀን ሁሉንም ሰርዛ ለሁሉም የሚሆን አንድ ወንፊት ሠራች። ወንፊቱ የሚገባበት ነገር ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ስምም ይሁን ቁጥር፣ የተረካቢ ፊርማም ይሁን፣ ባዶ ከሆነ ይይዘዋል፣ ካልሆነ ያሳልፈዋል። ባዶ ሆኖ የተያዘውን ደግሞ ያለፈው ወር መልስ ይተካበታል፤ አለቆቿ ሰንጠረዡ ላይ ክፍት ቦታ ማየት አይወዱም ነበርና። አርባው መስመር አንድ ሆነ። ያን ቀን ለብቻዋ አጨበጨበች፤ በዓመቱም የምስክር ወረቀት ሰጧት።

ግን ምንነቱን የማይጠይቅ ወንፊት ባዶን በምን ያውቃል? ማንም ምንም ያላስቀመጠበትን ሳጥን ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚያስቀምጥበት አይቶ ነው የሚያውቀው። የስም ሳጥን ካልተሞላ ምንም የለበትም፤ ደህና። የቁጥር ሳጥን ካልተሞላ ግን ማሽኑ በራሱ ዜሮ ያስቀምጥበታል። እንግዲህ ሰው ቆጥሮ የጻፈው ዜሮና ማንም ያልጻፈው ዜሮ በወንፊቱ ፊት አንድ ሆኑ። ሲስተር ሙሉሽ የለም ስትል፣ ማሽኗ "ሴትዮዋ ምንም አላለችም" ብላ የየካቲትን ሃያ አራት አነሣችላት።

ሃይሚ ሞከረችው። ዜሮ ጻፈች፤ ሃያ አራት አለ፣ አረንጓዴ። አንድ ጻፈች፤ አንድ አለ፣ ቀይ። እንደገና ዜሮ ጻፈች። ሃያ አራት። ደጋግማ ጻፈችው።

የመጋዘን ኃላፊው ወንደሰን ከምሳ ሲመለስ እንዲህ ሆና አገኛት። ብርቱካን እየላጠ ነበር።

"ምነው ሃይምዬ፣ ፊትሽ ዱቄት መሰለ?"

ነገረችው። ስትጨርስ የላጠውን ብርቱካን ሳይበላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"መርፌ አለቀ የሚለው የሲስተር ሙሉሽ ደብዳቤ ለኔም መጥቶ ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሁለቴ። ስክሪኑን አየሁና ሃያ አራት አላት ብዬ ፋይል አደረግሁት።"

"ታዲያ አርብ እንናገራለና።"

"ቆይ፣ ቆይ። አሁን አስተካክይውና ዝም በዪ። ማን ያውቃል? ኮሚቴው ማስረጃ ጎደለ ብሎ ይለቃት ይሆናል።"

"ይሆናል?"

"ሃይምዬ፣ ሰው ሞቷል። ይህን አፍሽን ከፍተሽ ካወጣሽው፣ ሟቿ ከዚያች ሴት ትከሻ ወርዳ ያንቺ ትከሻ ላይ ነው የምትወጣው። ለማውረድ የሚመጣልሽ ሰው የለም።"

ሃይሚ ስክሪኑን አጠፋችው። ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ ሲስተር ሙሉሽን ታያለች፤ ሲስተር ሙሉሽም ባየቻት ቁጥር "ጠየቅሽልኝ?" ትላታለች። ሃይሚ "እየጠየቅሁ ነው" ትላለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር መውጣት ጀመረች።

አርብ ጠዋት ኮሚቴው ተቀመጠ። አቶ ደገፋ መሃል፣ ከጎናቸው ሁለት የቢሮ ሰዎች፣ ጫፍ ላይ ደግሞ የሠራተኞች ተወካይ ሰብለ፤ በአልዱባ አቅጣጫ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወንደሰን ምስክር ሆኖ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ሲስተር ሙሉሽ ለብቻዋ ወንበር ተሰጣት። ክሱ ተነበበ። ሃይሚ ተጠራች።

"ይህ ያንቺ ህትመት ነው?" አሉ አቶ ደገፋ።

"ነው።"

"ትክክል ነው?"

ሃይሚ ወንደሰንን አየችው። እሱ ጣሪያውን ያያል።

"ህትመቱ ትክክል ነው። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው" አለች።

ስለ ወንፊቱ፣ ስለ ሳጥኑ ልታስረዳ ሞከረች። ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው አዛጋ። አቶ ደገፋ እጃቸውን አነሡ። "ልጄ፣ እዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።"

"እሺ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ማሽኗን ልሁን። እርስዎ ጣቢያው ይሁኑ።"

"ጨዋታ ነው እንዴ?"

"ጨዋታ አይደለም፣ ጋሼ። አቶ ደገፋ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዎ ስንት ጊዜ በዲሲፕሊን ተከሰሱ?"

"እኔ? አንድም ጊዜ! ዜሮ።"

"መልስ አልሰጡም።"

"ሰጠሁ እንጂ!"

"አልተሰማም። መልስ ስላልሰጡ፣ ከእርስዎ በፊት ይህ ወንበር ላይ የነበሩትን ሰው መልስ ወስጄልዎታለሁ። አራት ጊዜ።"

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሰው ምን ምን ሠርተው እንደሄዱ ጂንካ ሁሉ ያውቃል። ሰብለ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አቶ ደገፋ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ስሚ፣ ዜሮ ነው ያልኩት!"

"አራት ብዬ ጽፌዋለሁ።"

"ዜሮ!" ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት፤ ብርጭቆው ዘለለ። "ስሜን ታጠፊያለሽ እንዴ?"

ሃይሚ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሦስት ጊዜ ነገሩኝ" አለች። "ሲስተር ሙሉሽም ሦስት ወር ነገረችኝ።"

አቶ ደገፋ ህትመቱን አንሥተው እንደገና አዩት። አሁን ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

"እንዲህ አድርጎ የሠራት ማነው?"

"እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አልነካትም።"

ሲስተር ሙሉሽ ዞር ብላ አየቻት። ሃይሚ ቀና ማለት አልቻለችም።

አቶ ደገፋ ግን ሞኝ አይደሉም። ብዕራቸውን እያሽከረከሩ፣ "አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ። "ይህ ማሽን ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሃያ ሁለት ጣቢያ አለን። ሁሉም ጋ መድኃኒት ያልቃል። ሌሎቹን ለምን አልበደላቸውም? ለምን እሷን ብቻ?"

ሃይሚ ይህን አላሰበችውም ነበር። ጥያቄው ሲስተር ሙሉሽን መልሶ ሊከሳት ሲል፣ ሰብለ ከጠረጴዛው ጫፍ ተናገረች።

"እኛ አንድ ነው የምንለው።"

"ምን አልሽ?"

"ሲያልቅብን ዜሮ አንልም። አንድ እንላለን።" አንገቷን ደፍታ ነበር የምታወራው። "ዜሮ ያለ ጣቢያ መኪና አይመጣለትም። አንድ ያለ ግን በሳምንቱ ይመጣለታል። መጀመሪያ ማን እንዳወቀው አላውቅም፤ ለሥልጠና ስንገናኝ ነው የምንነጋገረው። እኛ የመሰለን ቢሮው ዜሮ መስማት ስለማይወድ ነው። ለበላይ ሲቀርብ ያሳፍራል፣ ጣቢያው የተዘጋ ያስመስላል አልን። የማሽን ጥፋት ነው ብሎ ያሰበ የለም። የቢሮ ጸባይ ነው ብለን ተቀበልነው።"

"ሃያ አንዱም ጣቢያ?"

"እኔ የማውቃቸው ሁሉ።"

"ለሲስተር ሙሉሽስ አልነገራችኋትም?"

"ነገርኳት። እዚሁ ግቢ፣ በጥር ሥልጠና ጊዜ። እያለቀሰች ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።"

ሁሉም ወደ ሲስተር ሙሉሽ ዞሩ።

"አላለቀስሁም" አለች ሲስተር ሙሉሽ። "ዓይኔ ጭስ ገብቶበት ነው። ነግራኛለች፤ እውነቷን ነው። እምቢ አልኩ። የሌለውን አንድ አለ ብዬ ከጻፍሁ፣ ያቺ አንዷ የት አለች ቢሉኝ ምን እላለሁ? የታመመ ሰው ቢመጣስ? ወረቀቱ ላይ አለ፣ ላንተ ግን የለም ልበለው?"

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"አሁን ሳስበው፣ ያቺን አንድ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ጸሎት ዛሬ ልጆቿን ታበላ ነበር። ይህን ኮሚቴው አይፈርደውም። እኔው ነኝ የምፈርደው።"

"የኔ ነው፣ ሲስተር" አለች ሃይሚ። "የኔ ጥፋት ነው።"

"ያንቺን አንቺ ያዢ። የኔን ለኔ ተይልኝ።"

ወንደሰንም ከጥጉ ተነሥቶ ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች ተናገረ፤ ማንም ሳይጠይቀው። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ሲስተር ሙሉሽ ከክሱ ነጻ ሆነች። አቶ ደገፋም ከወንበራቸው ተነሡ፣ ጠረጴዛውን ዞረው መጡ፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሲስተር። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሳነብ ሰው ማንበብ ረሳሁ" አሏት።

በማግሥቱ ሲስተር ሙሉሽ መርፌ የያዘ ካርቶን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በጭነት መኪናው ፊት ወንበር ተቀምጣ ወደ ሃና ወጣች። ሹፌሩ ካርቶኑን ከኋላ ልጫንልሽ ቢላት እምቢ አለች።

ሃይሚ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ወንፊቱን አፈረሰችው። ለቁጥሩ ለብቻው ፈተሻ ጻፈችለት፤ ስልኩም ላይ "አይቼዋለሁ፣ የለም" የሚል ለብቻው የሚነካ ነገር ጨመረች። ቀላሉ ይህ ነበር። ከባዱ በየጣቢያው እየዞሩ "ዜሮ ሲሆን ዜሮ ጻፉ" ማለት ሆነ። በሞተርም በእግርም ዞረች። አንድ ያለውን መደርደሪያ ሁሉ ከፍታ አየች። በዚያ ወር አንድ ብለው ከጻፉት ዘጠኝ ጣቢያዎች ስምንቱ ጋ አቧራ ብቻ ነበር። ካኮ አካባቢ ያለ አንድ ሠራተኛ እስክትጨርስ ሰምቷት፣ "እህቴ፣ ምን አድርገንሽ ነው የምትፈትኚን?" አላት። ሌላዋ ደግሞ እሺ ብላ በሚቀጥለው ወር አንድ ጻፈች። ሃይሚ ስትደውልላት፣ "ለመሆኑ ዜሮ ብዬ ባይመጣልኝ አንቺ መጥተሽ ትወጊልኛለሽ?" አለቻት። ሃይሚ ማለት የቻለችው "እውነትሽን ነው፣ እየደወልሽ ንገሪኝ" ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ፣ ማሽኗ አረንጓዴ ያለቻቸውንም ጭምር፣ ሃያ ሁለቱንም በስልክ ትጠይቃለች። የሲስተር ሙሉሽ ጣቢያ በኔትወርክ ካልተገኘች መኪና ፈልጋ ትሄዳለች።

አሁን አንዲት ነገር ልናዘዝ። አቶ ደገፋ ተነሥተው እጇን ያዙ፣ ይቅርታ ጠየቁ ያልኳችሁ እኔ የጨመርኩት ነው። እንዲያ ቢሆን ደስ ስለሚለኝ ጨመርኩት። እሳቸው ቃለ ጉባኤውን ዘጉ፣ ብዕራቸውን ከደኑ፣ ሌሎቹን አስከትለው ለምሳ ወጡ። ሲስተር ሙሉሽ አንድ ነገር የሚላት ሰው ይኖር እንደሆነ ብላ ወንበሯ ላይ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።